ሲሮጡ የታጠቁት
በመጽሐፈ መሳፍንት ስለ መሪዎችና ስለ ችኩል ስእለት



በሀገራችን ታሪክ ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ «ዘመነ መሳፍንት» ይባላል። በዚያ ዘመን ሥልጣኑን ለብዙ ዓመታት የያዙት የየጁ መሳፍንት ከዚሁ ከወሎ ምድር የተነሡ ናቸውና ስሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስያሜው ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 1030 ዓመት ገደማ ያለውን ጊዜ የሚተርክ ሲሆን፣ በመጨረሻው ቁጥር (21፥25) በእስራኤል ንጉሥ እንዳልነበረና እያንዳንዱ የመሰለውን ያደርግ እንደ ነበር ይነግረናል።

የዚያን ዘመን መስፍን ዳኛም የጦር መሪም ነበረ። ቋሚ ሠራዊትና ግምጃ ቤት ስላልነበረው ነገዶቹን የሚያሰባስበው በቃሉ ነው። ስለዚህ የመሪ መሐላ ታላቅ ኃይል ነበረው። ቃሉ ሲስት ግን ዕዳውን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነበር። ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየን የዮፍታሔ ታሪክ ነው።

1. ከእግዚአብሔር ጋር የተዋዋለ መሪ (መሳ. 11)

ዮፍታሔ እናቱ ጋለሞታ ስለ ነበረች ወንድሞቹ ከአባቱ ርስት ነቅለው አባረሩት። በጦብ ምድር በስደት ሳለ አሞናውያን በገለዓድ ላይ ተነሡ። ያን ጊዜ የገለዓድ ሽማግሌዎች መጥተው ለመኑት። እርሱም ድል ካደረገ አለቃቸው እንዲሆን ካዋዋላቸው በኋላ እሺ አለ። ወደ አሞን ንጉሥም መልእክተኞች ልኮ ስለ ምድሪቱ በታሪክ ማስረጃ ተከራከረ። እንግዲህ ዮፍታሔ አንደበተ ርቱዕና ውል ዐዋቂ ሰው ነበረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። የእግዚአብሔር መንፈስ በዮፍታሔ ላይ እንደ ወረደ የተጻፈው በቁጥር 29 ሲሆን፣ ስእለቱ የተጻፈው በቁጥር 30 ነው። ርዳታው አስቀድሞ ተሰጥቶት ነበር፤ እርሱ ግን በነጻ የተሰጠውን በዋጋ ሊገዛ ፈለገ። አንድ ጊዜ ከርስቱ የተነቀለ ሰው ዳግመኛ እንዳይነቀል የፈራ ይመስላል። ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደ ተዋዋለ ሁሉ፣ ድል አድርጎ ሲመለስ ከቤቱ ደጅ ሊቀበለው የሚወጣውን የሚቃጠል መሥዋዕት አድርጎ ሊያቀርብ ለእግዚአብሔር ተሳለ።

በዚያ ዘመን ከብት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድር ስለ ነበር፣ በግ ወይም ፍየል ይወጣል ብሎ ያሰበ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን ድል አድርጎ የተመለሰን ሠራዊት ሴቶች በከበሮ መቀበላቸው በእስራኤል የታወቀ ልማድ ነበር (1ሳሙ. 18፥6)። ከበሮ ይዛ የወጣችው አንዲት ልጁ ናት። አባቷ ልብሱን ቀደደ፤ ሆኖም መከራ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ በማለት ጥፋቱን በእርሷ ላይ ጣለ። የእርሱ ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ የእርሷ ስም ግን አልተጻፈም።

2. ተናጋሪ የጠፋበት ሁለት ወር

ልጂቱ በተራሮች ላይ ከባልንጀሮቿ ጋር ታለቅስ ዘንድ ሁለት ወር ለመነች። ይህ ጊዜ ለማሰብም ለመማከርም የሚበቃ ነበር። የሙሴ ሕግ ልጅን መሠዋት እግዚአብሔር የሚጠላው ርኩሰት እንደ ሆነ አስቀድሞ ደንግጓል (ዘዳ. 12፥31)። ሳያስብ በችኮላ የማለ ሰው ተናዝዞ መሥዋዕት የሚያቀርብበት ሥርዓት ነበረ (ዘሌ. 5፥4-6)። ለእግዚአብሔር የተሳሉት ሰው በገንዘብ የሚዋጅበትም ሥርዓት ነበረ፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ላለች ሴት ዋጋው 10 ሰቅል ብር ነው (ዘሌ. 27፥5)። ይህን ለዮፍታሔ የነገረው ካህን ወይም ሽማግሌ በታሪኩ ውስጥ አይገኝም።

የአይሁድ መምህራን ይህን ዝምታ ሲተረጉሙ እንዲህ ይላሉ፦ ካህኑ ፊንሐስ «እርሱ እኔን ይፈልጋል እንጂ እኔ ወደ እርሱ አልሄድም» አለ፤ ዮፍታሔም «እኔ የእስራኤል አለቃ ስሆን ወደ እርሱ ልሂድን?» አለ፤ በሁለቱ ክብር መካከል ልጂቱ ጠፋች። ይህ ትውፊት እንጂ ቅዱስ መጽሐፍ አይደለም፤ ሆኖም ለእኛ ለካህናትና ለመምህራን ከባድ ወቀሳ ነው።

ልጂቱ በድንግልና ለእግዚአብሔር ተለይታ ኖረች እንጂ አልሞተችም የሚሉ ተርጓሚዎችም አሉ። የታሪኩ ግልጽ ንባብ ግን ወደ ሞቷ ያመለክታል። ወደ ዕብራውያን መልእክት (11፥32) ዮፍታሔን ከእምነት ሰዎች ጋር ቢቈጥረውም ስእለቱን አላመሰገነም።

3. መሐላ የጠበቁ፣ ከተማ ያፈረሱ

በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 21 ላይ ነገዶቹ በምጽጳ ተሰብስበው ለብንያም ነገድ ሴት ልጅ ላለመስጠት ማሉ። ወዲያው አንድ ነገድ ሊጠፋ ነው ብለው አለቀሱ። መሐላቸውን ላለማፍረስ ግን ኢያቢስ ገለዓድን አፈረሱ፤ ከእርስዋም 400 ደናግል ማርከው ለብንያም ሰጡ። ይህም ስላልበቃ በሴሎ በዓል የሚዘፍኑትን ልጃገረዶች አስነጠቁ። የመሐላው ቃል ተጠበቀ፤ ፍትሕ ግን ፈረሰ።

የመሳፍንት ዘመን ሲያበቃ የነገሠው ሳኦልም እስከ ማታ እህል የሚቀምስ የተረገመ ይሁን ብሎ ሠራዊቱን አማለ (1ሳሙ. 14)። መሐላውን ያልሰማው ልጁ ዮናታን ማር ቀመሰ። ሳኦል ልጁ እንዲሞት ዳግመኛ ማለ። እዚህ ላይ ግን ሕዝቡ ዝም አላለም፤ ከዮናታን የራስ ጠጉር አንዲት እንኳ አትወድቅም ብሎ አዳነው። የዮፍታሔ ልጅና ዮናታን የተለያዩት በዚህ ነው፦ ለአንዲቱ የተናገረላት የለም፤ ለሌላው ሕዝቡ ተናገረ።

4. ልክ ያለው መሐላ

የመሪ መሐላ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የኢጣልያን ወረራ ለመመከት የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ሠራዊት መሰብሰቢያ የሆነው በደቡብ ወሎ የሚገኘው ወረኢሉ ነበር። ንጉሡ ጉልበት እያለው የሚቀረውን እንደማይምሩት በእመቤታችን ስም ማሉ። ነገር ግን ያው ዐዋጅ ጉልበት የሌለውን ለይቶ፣ እርሱ በጸሎት እንዲረዳ ብቻ ጠየቀ። ሳኦል ለደከመው ሠራዊት ልክ አላበጀለትም፤ የወረኢሉ ዐዋጅ ግን የሰውን ዐቅም አስቦ ነበር። የታሪክ ሰዎችን ቅዱሳን ለማድረግ ሳይሆን ልዩነቱን ለማሳየት ይህን ጠቀስን።

5. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

በ1990 እ.ኤ.አ. የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (ቁ. 889) ስእለት ማለት ሊፈጸም ስለሚችልና ስለሚበልጥ መልካም ነገር በማሰብና በነጻነት ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ተስፋ እንደ ሆነ ያስተምራል። ከዚህ የምንረዳው፣ ክፉ ነገር በስእለት ስም ቢጠራም ስእለት እንደማይሆን ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የቅዱስ ሄሮኒሞስን ትምህርት ተከትሎ ዮፍታሔ ሲሳል ማስተዋል እንደ ጐደለው፣ ሲፈጽም ደግሞ እንደ በደለ ጽፏል። ሄሮድስም ስለ መሐላው ሲል የዮሐንስን ራስ በወጭት ባቀረበ ጊዜ (ማር. 6) ቃሉን መጠበቁ ጽድቅ አልሆነለትም። ጌታችንም ንግግራችን አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ያለው ለዚህ ነው (ማቴ. 5፥37)።

6. እኛስ?

በመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም ስእለቱን ይዞ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። በምስጋና የሚቀርብ ስእለት እንደ ሐና ስእለት (1ሳሙ. 1) የተባረከ ነው። ነገር ግን በመካከላችን ሌላ ዓይነት መሐላም አለ፦ «የወንድሜን ደጅ ብረግጥ»፣ «ደሙን ሳልመልስ ብቀር»፣ «ልጄን ለእገሌ ካልዳርሁ»። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኩታበርን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን በነካ ጊዜ በሐዘንና በቍጣ መካከል እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ የወጣ ሰው ቢኖር አያስደንቅም። እንዲህ ያለው ሰው ይቅር ለማለት ልቡ ቢፈልግም «ምያለሁ» ብሎ ይፈራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይባላልና።

ለዚህ ሰው የምንነግረው ግልጽ ነው፦ ክፉ ለማድረግ የተማለ መሐላ አያስርህም፤ ኀጢአቱ መማሉ ነው፣ መፈጸሙ ደግሞ ሁለተኛ ኀጢአት ነው። ወደ ምሥጢረ ንስሐ ቅረብ። መልካም ሆኖ ከዐቅም በላይ የሆነ ስእለት ካለ ደግሞ ለቆሞስህ አማክር፤ ቤተ ክርስቲያን በበቂ ምክንያት ልትፈታው ወይም ወደ ሌላ መልካም ሥራ ልትለውጠው ሥልጣን አላት። መምህራንም ሰው እስኪጠራቸው እንደ ፊንሐስ አይጠብቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በቍጣ የታሰረው ግን በምክርና በጸሎት ቢፈታ ይሻላል፤ ሁለቱ ወር ሳያልቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) የእግዚአብሔር መንፈስ ከወረደበት በኋላ ዮፍታሔ ለምን ተሳለ? እኛስ በነጻ የተሰጠንን በስእለት ልንገዛ የምንሞክረው መቼ ነው?
ለ) በዮፍታሔ ልጅና በዮናታን ታሪክ ውስጥ ሕዝቡ ምን አደረገ?
ሐ) በቁምስናችን በመሐላ ምክንያት የማይነጋገሩ ቤተሰቦች ቢኖሩ ማን፣ እንዴት አድርጎ ወደ እነርሱ ይሂድ?