መርከቡ ቢቆምስ? የአውሮፓ የወንዝ ላይ ጉዞ አቃቀድ

በራይን ወይም በዳኑብ ላይ ለሚደረግ የመርከብ ጉዞ በሚፈረም ውል ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ አንድ አንቀጽ አይጠፋም። የውሃው መጠን ካልፈቀደ ኩባንያው መንገዱን ሊቀይር፣ መርከቡን በሌላ ሊተካ፣ መንገደኛውን በአውቶቡስ ሊያጓጉዝ ወይም ሆቴል ሊያሳድር ይችላል ይላል። ለወጉ ያህል የተጻፈ አይምሰልዎ። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2022 ራይን ክፉኛ በጎደለ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው ይኸው አንቀጽ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል፤ በአውቶቡስ የሚያልፉት ድንበር ቪዛዎ የሚፈቅደው ላይሆን ይችላልና። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚወጣው ዕቅድ መርከቡ ቢቆምም የማይፈርስ ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይህን በማሰብ ነው።

አንድ፤ ከመርከቡ በፊት ወንዙን ይምረጡ

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የካቢኑን ስፋትና የምግቡን ዓይነት ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ወንዙ የተገደበ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። ግድብ ባለበት ክፍል ውሃው ተይዞ ስለሚቆይ፣ ድርቅ ቢሆንም ጥልቀቱ ብዙ አይወርድም። መርከቡ ግድቡን የሚያልፈው ሎክ በሚባለው የውሃ ክፍል ውስጥ ነው፤ ገብቶ በሩ ይዘጋበትና ውሃው እንደ አሳንሰር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ግድብ የሌለበት ክፍል ግን ዕድሉ በዝናብና ከአልፕስ ተራሮች በሚቀልጠው በረዶ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ራይን ከስዊዘርላንዷ ባዝል እስከ ጀርመኗ ኢፈትስሃይም ድረስ በግድቦች የተያዘ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ኔዘርላንድ ድረስ ግን በነጻ ይፈሳል። ጥልቀቱ ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ በማይንዝና በኮብሌንዝ መካከል፣ ያውም በየብሮሹሩ ሽፋን ላይ የሚወጣው የግንቦችና የወይን እርሻዎች ሸለቆ ውስጥ ነው። በዚህ ሸለቆ ካውብ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የራይን ካፒቴኖች ጠዋት ተነሥተው የሚያዩት እዚያ የቆመውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ነው።

የካውብን ቁጥር ማንበብ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ጋዜጦች ሳይቀሩ ይሳሳቱበታልና። መለኪያው 40 ሴንቲሜትር አለ ማለት ወንዙ እስከ ጉልበት ብቻ ነው ማለት አይደለም። የመለኪያው ዜሮ የወንዙ ወለል አይደለም። ቁጥሩ 78 ሲሆን በመርከቦቹ መሄጃ መስመር ላይ 1.90 ሜትር ያህል ጥልቀት ይኖራል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ በሚያዩት ቁጥር ላይ 112 ሴንቲሜትር ይደምሩ፤ 40 ቢል ጥልቀቱ 1.52 ሜትር ገደማ ነው። የመንገደኛ መርከቦች በአብዛኛው 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሆነው አካላቸው ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከሥራቸውም ትርፍ ውሃ ስለሚያስፈልጋቸው፣ በዚህ ቁጥር ላይ ካፒቴኑ መጨነቁ አይቀርም። በኦክቶበር 2018 መለኪያው 25 ሴንቲሜትር ደርሶ ነበር፤ በኦገስት 2022 ደግሞ ከ30 ብዙም አይበልጥም ነበር። ያን ጊዜ በወንዙ መካከል ባለች ደሴት ላይ ወዳለው የፕፋልትስግራፈንሽታይን ግንብ ሰዎች በደረቀው ጠጠር ላይ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

ዳኑብም እንዲሁ ሁሉም ቦታው አንድ አይደለም። በጀርመኗ ባየርን ግዛት ውስጥ ከሽትራውቢንግ እስከ ፊልስሆፈን ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ያልተገደበ ነው፤ ከኑረምበርግ ወይም ከሬገንስቡርግ የሚነሣ መርከብ የሚያዘው በአብዛኛው እዚህ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ያልተገደቡት የቫኻው ሸለቆና ከቪየና በታች እስከ ብራቲስላቫ ያለው ክፍል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከፊልስሆፈን በታች ካለችው ከፓሳው ተነሥቶ ቪየና የሚደርስ ጉዞ ከኑረምበርግ ከሚነሣው በእጅጉ ያስተማምናል። ኤልበን ግን፣ ፕራግንና ድሬስደንን የቱንም ያህል ቢወዱ፣ በአውሮፓ የበጋ ማብቂያ ላይ አይመኑት። በዳርቻዎቹ ላይ የጥንት ሰዎች የድርቅ ዓመቶችን የቀረጹባቸው «የረሃብ ድንጋዮች» አሉ፤ ውሃው ሲጎድል ብቅ ይላሉ።

የሚያስተማምኑት እነማን ናቸው? ፈረንሳይ ውስጥ ሮንና ከፓሪስ እስከ ሩዋን ያለው ሴን፣ ፖርቱጋል ውስጥ ዶውሮ፣ ጀርመን ውስጥ ሞዘልና ማይን። ሁሉም ግድብና ሎክ አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ምርጫዬን ቢጠይቀኝ ሮን እለዋለሁ። ፓሪስ ቀጥታ በረራ አለ፤ ከዚያ ሊዮን በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከሊዮን እስከ አቪኞንና አርል ያለው ወንዝ ከአንድ አገር አይወጣም። አንድ አገር መሆኑ ለቪዛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከታች ይታያል።

ሁለት፤ ወሩን ይወስኑ

ራይንና ዳኑብ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ከኦገስት ማብቂያ እስከ ኦክቶበር፣ አንዳንዴም እስከ ኖቬምበር ነው። ሜይና ጁን የሚቀልጠው በረዶ ስላለ ይሻላሉ። ዋስትና ግን አይደሉም፤ የ2025 ጸደይ ደርቆ ራይን በኤፕሪል ጎድሎ ነበር። በጁን 2024 ደግሞ በተቃራኒው የባየርን ጎርፍ የዳኑብን መርከቦች አቁሟል። ውሃ ሲሞላም መርከብ ይታገዳል፤ ካውብ ላይ መለኪያው 640 ሴንቲሜትር ካለፈ ማንም አይንቀሳቀስም።

ሦስት፤ ቪዛውን ከመርከቡ ካርታ ጋር ያስተያዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ ማሰብ ይገባል። አሁን በብዙ ቤተሰብ እንደሚታየው፣ ልጆች ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት፣ ወላጆች ከአዲስ አበባ ተነሥተው አንድ መርከብ ላይ ይገናኛሉ። የአሜሪካ ዜጋው ያለ ቪዛ ይገባል። አሜሪካ የሚኖር፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ነገር ግን ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ የሆነ ሰው ግን ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ግሪን ካርዱ አያስገባውም። ይህን ትኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚያውቁ ጥቂት አይደሉም።

ለኢትዮጵያውያን የተለየ ነገርም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያ ዜጎች ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል፤ ምክንያት ያደረገውም ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር የለም የሚል ነው። በገደቡ መሠረት ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ መግባት የሚያስችል ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። በሚያመለክቱበት ዕለት ገደቡ እንደጸና መሆኑን ቆንስላውን ይጠይቁ።

አሁን ካርታውን ይዘርጉ። ከቡዳፔስት ወደ ታች የሚወርድ የዳኑብ መርከብ በሞሃች የሃንጋሪን ድንበር ፍተሻ ያልፋል፤ ክሮኤሺያ ውስጥ ቩኮቫር ይቆማል፤ ከዚያ ኖቪሳድና ቤልግሬድ ይደርሳል። ክሮኤሺያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፤ ሰርቢያ ግን አይደለችም። መርከቡ «የብረት በር» የሚባለውን ገደል አልፎ ቡልጋሪያ ሲደርስ እንደገና ሸንገን ነው፤ ሩማኒያና ቡልጋሪያ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በየብስም ሙሉ አባል ሆነዋል። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ሰርቢያ ሲገባ ቪዛው አበቃ፤ ቡልጋሪያ በር ላይ መግቢያ የለውም። ስለዚህ በእጅዎ ያለው አንዴ የሚያስገባ ከሆነ ቤልግሬድ ያለበትን መንገድ ይተዉት፤ የጉዞ ወኪሉ «ችግር የለም» ቢልዎት እንኳ። ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ያለው ግን ከሸንገን አይወጣም።

ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ወደሚያድሩበት አገር ቆንስላ ነው። የወንዝ ጉዞ ላይ ይህ ያሳስታል፤ መርከቡ አንድ ሌሊት ጀርመን፣ ሌላ ሌሊት ኦስትሪያ ነውና። የጉዞ ፕሮግራሙን ይዘው ሌሊቶቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ከመሳፈርዎ በፊትና ከወረዱ በኋላ ሆቴል የሚያድሩበትን ጨምረው። እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚገቡበት አገር ነው። በማመልከቻው ላይ የሚጠይቁትን ቀንም የመርከብ ጉዞው ከሚያልቅበት ዕለት ሁለት ሦስት ቀን አስበልጠው ይጻፉ፤ ለውጥ ቢመጣ መተንፈሻ ይሆናል።

ቀጥሎ የጊዜው ስሌት ነው። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ብዙ ኩባንያዎች ቀሪውን ክፍያ የሚጠይቁት ከጉዞው 90 ቀን ገደማ ቀደም ብለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሰርዙ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ማመልከቻው 45 ቀን ከወሰደና የቀጠሮ ወረፋ ከተጨመረበት፣ መልሱ ከክፍያው ቀን በፊት እንዲደርስ ከፈለጉ አምስት ወር ሲቀር መጀመር አለብዎት። የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

አራት፤ ውሉንና ኢንሹራንሱን ያንብቡ

ሻጩን የሚጠይቁት ጥያቄ አጭር ነው፤ «በዚሁ ወንዝ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ተመሳሳይ መርከብ አላችሁ?» እንደ ቫይኪንግ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች አምሳያ መርከቦች ስላሏቸው፣ ጥልቀት ያጣው ክፍል ላይ ሲደርሱ መንገደኞቹን በአውቶቡስ አሻግረው በወዲያ በኩል ባለው መርከብ ላይ ያሳፍራሉ፤ የካቢን ቁጥርዎ እንኳ ያው ሊሆን ይችላል። አንድ መርከብ ብቻ ያለው ኩባንያ ያለው አማራጭ ሆቴልና አውቶቡስ ነው።

ከየት እንደሚገዙም ልዩነት ያመጣል። በአውሮፓ ኅብረት አገር ካለ አዘጋጅ የተገዛ ጥቅል ጉዞ በኅብረቱ ሕግ ይጠበቃል። ከመነሣትዎ በፊት ዋናው ነገር በእጅጉ ከተቀየረ ያለ ቅጣት ሰርዘው ገንዘብዎን መውሰድ ይችላሉ። በጉዞው መካከል ከተቀየረም፣ ድርቁ የኩባንያው ጥፋት ባይሆንም እንኳ፣ ከዋጋው ተመጣጣኝ ቅናሽ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ውስጥ ጀርመን ወይም ኔዘርላንድ የሚኖር ካለ እሱ እንዲገዛ ማድረግ ጥሩ ነው።

ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ለሕክምናና ወደ አገር ለመመለስ ነው፤ መርከብ በመቆሙ ለቀረ ጉዞ ምንም አይከፍልም። የጉዞ ለውጥን የሚሸፍን ከፈለጉ «የውሃ መጉደል» ወይም «የውሃ መሙላት» የሚል ቃል በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፉን ይዩ። ወሬው ከተሰማ በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ አይረዳም፤ የታወቀ አደጋ ነው ይሉዎታል።

አምስት፤ በረራ

መርከቡ ከሚነሣበት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመው ይድረሱ። መመለሻው ቀን ሊቀየር የሚችል ትኬት ይሁን፤ ባዝል ላይ የሚያበቃው ጉዞ ኮሎኝ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በሸንገን መግቢያዎች አሻራና ፎቶ የሚወሰድበት አዲስ ምዝገባ ስለተጀመረ፣ ተያያዥ በረራ ካለዎት በመካከሉ ሰፊ ጊዜ ይተዉ።

ስድስት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታትና መርከቡ ላይ

የጀርመን መንግሥት ኤልዊስ በሚባለው የውሃ መንገዶች ድረ ገጽ የካውብንና የሌሎችን መለኪያዎች ቁጥር በየቀኑ ያወጣል፤ ለራይን የቀናት ትንበያም አለ። ጀርመንኛ አለማወቅ አያግድም፤ ቁጥሩ ቁጥር ነው። ከጉዞው አሥር ቀን ሲቀር ካውብ ከ80 በታች ሆኖ እየወረደ ከሆነ ለኩባንያው በኢሜይል ይጻፉ፤ ዕቅዳቸው ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱ ይጠይቁ። በስልክ የተነገረ ማረጋገጫ በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ልብስ ሲያሰናዱ አንድ ትልቅ ሻንጣ ከመያዝ ሁለት መለስተኛ ይሻላል። የመርከብ ለውጥ ካለ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዋዜማው ምሽት ነው፤ ጠዋት ሻንጣው ከካቢኑ በር ውጭ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሠራተኞቹ ይወስዱታል። መድኃኒት፣ የስልክ ቻርጀርና ወረቀት ግን በእጅ ቦርሳ ይያዙ።

ከሁሉም በላይ ፓስፖርቱ። ብዙ መርከቦች ሲሳፈሩ ፓስፖርቱን ተቀብለው ሪሴፕሽን ያስቀምጡታል። አውቶቡስ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ተመልሶ በእጅዎ መግባቱን ያረጋግጡ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስለጀመረች፣ ከፓሳው ኦስትሪያ ደርሶ የሚመለስ አውቶቡስ ሊቆም ይችላል፤ «ፓስፖርቴ መርከቡ ላይ ነው» ማለት ደግሞ ፖሊሱን አያሳምነውም። እናትና አባት ቋንቋ የማይችሉ ከሆነ፣ የመርከቡን ስም፣ የኩባንያውን ስልክና የልጃቸውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ኪሳቸው ውስጥ ይክተቱላቸው፤ በመርከብ ለውጥ ዕለት ሰው በተለያየ አውቶቡስ ይከፋፈላልና።

በየምሽቱ ካቢን ውስጥ የሚገባውን የነገ ፕሮግራም ወረቀት አይጣሉት። የታሰበውን መንገድ ከተሰጠዎት ጋር የሚያስተያየው እሱ ነው። ከተመለሱ በኋላ ቅናሽ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲጽፉ ስንት ሌሊት ሆቴል እንዳደሩ፣ ስንት ሰዓት በአውቶቡስ እንደተጓዙ፣ የትኞቹ ከተሞች እንደቀሩ ዘርዝረው ወረቀቶቹን ያያይዙ። በኅብረቱ ሕግ ለዚህ ቢያንስ 2 ዓመት ጊዜ አለዎት። ኩባንያው በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ለቀጣይ ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ቢያቀርብልዎ ከመፈረምዎ በፊት «ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ የቫውቸሩንም ማብቂያ ቀን እንዲሁ፤ ሁለተኛ ቪዛ ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ካልቆየ አይፈርሙ።