የቤት ቧንቧ ዕቃ፦ እንዴት እንምረጥ፣ እንዴት እንግጠም?



የቡናና የእህል ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለጠፋል። ዛሬ ግን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነገር ነው የምንማማረው፦ የቤት ቧንቧ ዕቃ። ሩቢኔት፣ ሻወር፣ ፍሌክሲብል፣ የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ። "አንተ ደላላ ነህ፣ ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ? የቱን ልግዛ?" ትሉኛላችሁ። እኔ የቧንቧ ባለሙያ አይደለሁም፤ እህል በረንዳ ውዬ ጉለሌ የማድር ሰው ነኝ። ዕቃን አይቶ መለየት ግን የዕለት ሥራዬ ነው። ገጠማውን ደግሞ የሰፈራችን ባለሙያዎች ሲሠሩ ጎናቸው ቆሜ፣ መፍቻ እያቀበልኩ፣ ኋላም ራሴ እየሠራሁ የለመድኩት ነው።

ረዘም ያለ ስለሆነ አስቀምጡትና ዕቃ ልትገዙ ስትወጡ አንብቡት።

1. ዋጋው ከየት ይመጣል?

ጥሩ ሩቢኔት የሚሠራው ከነሐስ ነው። ነሐስ ማለት መዳብና ዚንክ ተቀላቅሎ ነው። ሁለቱም ልክ እንደ ቡናችን የዓለም ገበያ አላቸው፤ የቡና ዋጋ ከኒውዮርክ እንደሚሰማው የመዳብና የዚንክ ዋጋ ከለንደን የብረታ ብረት ገበያ ይሰማል። ነጩና አረንጓዴው የፒፒአር ቧንቧ ደግሞ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ ጥሬ ዕቃው ከነዳጅ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

በዚህ ላይ ምንዛሪ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በአዲሱ ተመን ነው የሚታሰበው። ለቡና ላኪ በብር ሲታይ ጥሩ የሆነው ነገር ሩቢኔት ለሚገዛ ሰው ሸክም ሆነ። አንድ ገበያ፣ ሁለት ፊት።

ዋጋ ሲወደድ ምን ይከተላል? ቅይጥ ይበዛል። በእህልም የምናውቀው ነው፤ ጤፍ ሲወደድ ቅልቅሉ ይበረክታል። በቧንቧ ዕቃም ከነሐስ ይልቅ ርካሽ የዚንክ ቅይጥ ተሠርቶ፣ ከላይ በክሮም ተለብጦ እንደ መስታወት እያበራ ይቀርባል። ምርት ገበያ ላይ ቡና ደረጃ ሳይወጣለት አይሸጥም። ሱቅ ውስጥ ግን ደረጃ አውጪው እናንተው ናችሁ።

2. የሚንጠባጠብ ነገር ስንት ያስከፍላል?

ብዙ ሰው "ጠብታ ነው፣ ምን ያመጣል" ይላል። እስቲ እንለካው። ከሚያንጠባጥበው ሩቢኔት ሥር ኩባያ አድርጉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። 100 ሚሊ ሊትር ቢሞላ፣ በቀን 14.4 ሊትር፣ በ30 ቀን 432 ሊትር ነው። ግማሽ ሜትር ኪዩብ ሊሆን ምንም አልቀረው። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው፤ ፍጆታችሁ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም ከፍ ይላል። የባከነው ውሃ ሁልጊዜ የሚቆጠረው በውዱ እርከን ላይ ነው ማለት ነው።

ከሂሳቡ በላይ ግን ፈረቃው ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢ አንዲት እናት 1,000 ሊትር ሮቶ አላቸው። ውሃ በሳምንት አንዴ ሲመጣ ሮቶውን ሞልተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በቁጠባ ይጠቀማሉ። አንድ ሰሞን በአራተኛው ቀን ሮቶው ባዶ እየሆነ ተቸገሩ። ጎረቤት ተጠረጠረ፣ ተከራይ ተጠረጠረ፣ "ሌሊት ማን ነው የሚቀዳው?" እስከመባባል ተደረሰ። ሌባው የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነበር። ውስጡ ያለው የጎማ መዝጊያ አርጅቶ በደቂቃ አንድ ብርጭቆ ያህል፣ 200 ሚሊ ሊትር፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳህኑ ይለቅቃል። በሰዓት 12 ሊትር፣ በቀን 288 ሊትር። ማንም ሰው ሳይጠቀም 1,000 ሊትር በሦስት ቀን ተኩል ያልቃል! በዚህ መሃል እሳቸው በጀሪካን ውሃ እየገዙ ነበር። የተቀየረው አንድ ትንሽ ጎማ ነው። ሰው ከሰው ሊያጣላ የነበረውም እሱው ነው።

👉 ራሳችሁን ፈትሹ፦ ማታ ቡና አፍሉና ከአተላው የጠራ፣ ስኳር የሌለው አንድ ሁለት ስኒ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሩ። ለ20 ደቂቃ ውሃ አትልቀቁ። ሳህኑ ውስጥ ቡናማ ቀለም ካያችሁ ያፈሳል።

👉 የቆጣሪ ፈተና፦ ውሃ ባለበት ሰዓት፣ ሮቶው ሞልቶ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩ። ትንሿ ጎማ የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

3. ሱቅ ውስጥ እንዴት እንምረጥ?

ቡና ስንገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አናይም፤ ወደ መሃል ወግተን ናሙና እናወጣለን። ለሩቢኔትም ያው ነው፣ ከላይ ያለው ክሮም የጆንያው አፍ ነው።

ክብደት፦ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸውን ሁለት ሩቢኔቶች በሁለት እጅ ያዙ። ነሐሱ ይከብዳል። እርግጥ ወፍራም የዚንክ ቅይጥም ሊከብድ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትወስኑ።

ክር፦ ሩቢኔቱ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበትን ጥርስና የውስጡን ቀዳዳ ተመልከቱ። ነሐስ ወደ ቢጫ ያደላል። ግራጫ ከሆነ ቅይጥ ነው። የቅይጡ ችግር ሲያረጅ ክሩ መሰበሩ ነው፤ ግማሹ ግድግዳ ውስጥ ቀርቶ ሴራሚክ ያስፈርሳል።

ማግኔት፦ ብዙ ሰው በማግኔት ይፈትናል። ማግኔት ከሳበው ብረት አለበት፣ ተዉት። ካልሳበው ግን ነሐስ ነው ማለት አይደለም፤ ዚንክንም ማግኔት አይስበውም። ሻጩ "ይኸው አልሳበውም!" ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ ክሩን እዩ።

ልብ፦ ሩብ ዙር ብቻ የሚዞሩት ውስጣቸው የሴራሚክ ዲስክ ነው። ምቹ ናቸው፣ ግን ከፈረቃ በኋላ የሚመጣው ደለልና አሸዋ ይጭራቸዋል። ስለዚህ መለዋወጫ ልቡ ለብቻው እንደሚገኝ ጠይቃችሁ ግዙ። ለግቢና ለልብስ ማጠቢያ ባለ ጎማው አሮጌው ዓይነት ይሻላል፤ ጎማውን ማንም ይቀይረዋል።

ልክ፦ ብዙው የቤት ሩቢኔት ግማሽ ኢንች ነው። ፒፒአር 20 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ኢንች፣ 25 ሚሊ ሜትር ከሦስት ሩብ ኢንች ጋር ይሄዳል። ቧንቧው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ለሙቅ ውሃ ፒኤን 20 የሚለውን ያዙ። የሽንት ቤት መቀመጫ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ፍሳሹ ወደ ወለል ነው ወይስ ወደ ግድግዳ የሚወጣው? ወደ ወለል ከሆነ ካለቀለት ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መሃል ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ይህንን ለክታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። 30 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው፣ ግን የእናንተ ቤት ላይሆን ይችላል።

4. ግፊት፦ ከእንጦጦ የምንማረው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አምጥቷል። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ ውሃው ወርዶ መልሶ መውጣት ነበረበት። ምሥጢሩ ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ማለቱ ብቻ ነው። በየ10 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ግፊት ይገኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሮቷችሁ ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያላችሁ ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጡ ብዙ ዘመናዊ ሚክሰሮችና ሰፋፊ የሻወር ራሶች ከዚህ የበለጠ ታስቦላቸው የተሠሩ ናቸው። ውድ ከፍላችሁ ገጥማችሁ ውሃው እንደ ክር ሲወርድ ዕቃው ተበላሸ አይባልም፤ ያልተመረጠ ዕቃ ነው። በሮቶ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት "ስንት ባር ይፈልጋል?" በሉ። ካርቶኑ ላይ ይጻፋል።

5. ሩቢኔት መቀየር፣ በቅደም ተከተል

የሚያስፈልገው፦ እንግሊዝ መፍቻ ሁለት፣ ካቻቢቴ፣ ቴፍሎን፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ባልዲ፣ ጨርቅ።

ሀ. ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፤ የሮቶውንም ጭምር! ብዙ ሰው አንዱን ዘግቶ ሌላውን ይረሳል። ከቆጣሪ በፊት ያለውን ግን አትንኩ፤ እሱ የባለሥልጣኑ ነው።

ለ. ዝቅ ያለውን ሩቢኔት ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ።

ሐ. አሮጌውን ስትፈቱ ቧንቧውን በአንዱ መፍቻ ያዙት፣ በሌላው ሩቢኔቱን አዙሩ። በተለይ አሮጌ የብረት ቧንቧ ውስጡ ዝጎ ስለሚሳሳ በአንድ እጅ ጉልበት ግድግዳ ውስጥ ይሰበራል።

መ. ክሩን በብሩሽ አጽዱ። የድሮ ቴፍሎን ወይም ቃጫ አይቅርበት።

ሠ. አዲሱን ቴፍሎን ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ወጠር አድርጋችሁ ከ8 እስከ 12 ዙር ጠቅልሉ። በተቃራኒው ከጠቀለላችሁ ስታጠብቁት ይፈታል።

ረ. መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በመፍቻ አጥብቁ። ቦታውን ለማስተካከል ወደ ኋላ አትመልሱት። ካለፋችሁ ፍቱትና ቴፍሎኑን እንደገና ጠቅልሉ።

ሰ. ፍሌክሲብል ጫፉ ላይ የራሱ ጎማ አለው፤ ቴፍሎን አይፈልግም። በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ጨምሩ፣ በቃ። ከልክ በላይ ከጠበቀ ጎማው ይቆረጣል።

ሸ. የሩቢኔቱን አፍ ማጣሪያ ፈትታችሁ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ደለሉ ይውጣ፣ ከዚያ ማጣሪያውን መልሱ።

ቀ. በደረቅ ሶፍት ዙሪያውን ጥረጉት። ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያችኋል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ፦ ውሃ በሌለበት ቀን የተገጠመ ዕቃ አልተፈተነም። በሮቶ ግፊት ደረቅ የሆነ መጋጠሚያ ሌሊት የመስመር ውሃ ሲመጣ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ እስኪመጣ ከቤት ወይም ከመኝታ በፊት ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ውሃ ሲጠፋ የከፈታችሁትን ሩቢኔትም እንደዚያው፤ ሌሊት 9 ሰዓት የመጣ ውሃ ምንጣፍ አይምርም።

6. ሽንት ቤትና ቦይለር በአጭሩ

የመቀመጫውን ብሎኖች ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል። ከሥሩ በሲሚንቶ አትገንቡት፤ ሲሊከን ይበቃዋል፣ ነገ ለመንቀል ብትፈልጉም ሳይሰበር ይነሳል። ከእጅ መታጠቢያ ሥር ያለውን ሲፎን "ውሃ ያዘ" ብላችሁ አታስወግዱት፤ ያ ውሃ ነው ሽታውን የሚከለክለው።

ቦይለር ከሆነ የኤሌክትሪኩን ነገር ለባለሙያ ተዉት፤ ያለ ምድር ሽቦ አይገጠምም። የግፊት ማስተንፈሻውን ቫልቭ አትድፈኑ፤ ሲያንጠባጥብ ሥራውን እየሠራ ነው። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ መኖሩን አረጋግጡ። በፈረቃ ቀን ውሃ ከሌለ ማብሪያውን አጥፉ፤ ባዶውን ከሠራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

7. ሠራተኛና ኮሚሽን

ስለዚህ ነገር ደላላ ካልተናገረ ማን ይናገራል? አንዳንድ ሱቅ ደንበኛ ላመጣለት ሠራተኛ ኮሚሽን ይከፍላል። ኮሚሽን ራሱ ነውር አይደለም፤ እኔም የምኖረው በሱ ነው። ነውሩ መደበቁ ነው። ሻጭም ገዢም የእኔን ድርሻ ያውቃሉ። እናንተም የእጅ ዋጋን ከዕቃ ዋጋ ለዩ። ሠራተኛውን "ወንድሜ፣ ዝርዝሩን ከነልኩ ጻፍልኝ፣ የድካምህን በደንብ እከፍልሃለሁ፣ ዕቃውን እኔ እገዛለሁ" በሉት። ዝርዝሩን ይዛችሁ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ከእጅ ዋጋው ጥቂቱን ደግሞ የመስመር ውሃ መጥቶ እስኪታይ አቆዩ፤ ይህንን ግን ሥራ ሳይጀመር ተስማሙ፣ ካለቀ በኋላ መናገር ግፍ ነው። በእጅ ዋጋ ላይ ወገባችሁን ይዛችሁ አትከራከሩ። በአግባቡ የተከፈለው ሰው ከሱቅ ኮሚሽን አይፈልግም።

ስለ ርካሽና ውድ አንድ ሂሳብ ልጨምር። ለምሳሌ ጥሩው የርካሹን 3 እጥፍ ቢሆን፣ ርካሹ በየ2 ዓመቱ ቢቀየር፣ ጥሩው 10 ዓመት ቢቆይ፣ በ10 ዓመት ርካሹን 5 ጊዜ ትገዛላችሁ፣ 5 ጊዜም የእጅ ትከፍላላችሁ። ገንዘቡ ባንዴ ካልተሟላ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውንና መዝጊያውን ጥሩ ግዙ፤ ከውጭ የሚታየውን ርካሽ አድርጉ፣ ነገ በቀላሉ ይቀየራል። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ቡናዋን ዛሬ ማታ ሞክሯትና ቀለም ያየ ሰው በኮሜንት ይንገረን። ሮቶ ላላቸው ወላጆቻችሁ አድርሱላቸው።

የነገ የቡና፣ የጤፍና የስንዴ ዋጋ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጠብቁን። መልካም ምሽት!