የሽሮው ዋጋ ለምን አልጨመረም?

የፊቸር አጻጻፍ ስንማር መምህራችን ደጋግመው «መጀመሪያ ሰው ፈልጉ» ይሉናል። እኔም ባለፈው ሴሚስተር ሰው ፈልጌ አግኝቼ ነበር። ግን ያገኘሁት የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለቀረው ግማሽ ነው።

ቦታው እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለች አንዲት ምግብ ቤት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ። ስድስት ጠረጴዛ አላት፣ ሜኑዋ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። እኛ ተማሪዎች የምንሄደው ሽሮው ስለሚጣፍጥ ብቻ አይደለም። ሌላው ቤት ሁለቴ ሦስቴ ሲጨምር እዚያ አንዴ ብቻ ስለተጨመረ ነው። የወር መጨረሻ ላይ ደግሞ ዱቤ አለ።

ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ያለፉትን ክፉ ጊዜያት እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው ከኮሮና ጀመሩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ እንደተነገረ ገበያው ቀዘቀዘ። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ማስተናገድም ተከለከለ። ያ ሲያልፍ ዘይት መጣ። የካቲት 2014 የዩክሬን ጦርነት ተነሣ፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለሳምንታት አገደች። ጃካርታ ላይ የተወሰነ ነገር እዚህ ሽሮ ድስት ውስጥ ይገባል ብሎ ማን አሰበ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገደማ ሆነ። እትዬ ስለ ዶላር ብዙ አይሉም። «ሽንኩርት ሻጩ እንኳን ዶላር ጨመረ ይለኛል» ብለው ይስቃሉ።

ምን እንዳደረጉ ግን በደንብ ነገሩኝ። በማለዳ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ ራሳቸው ይገዛሉ። ድሮ ቆሮሶውን ሙሉውን ጠብሰው ያቀርቡ ነበር። አሁን ሥጋው ለጉላሽ ይሆናል፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ደግሞ በሚጥሚጣ ሾርባ ይሠራበታል። ሾርባው ከጥብሱ የበለጠ ተወዳጅ ሆኖላቸዋል። ጥብስ በሥጋ ከሰሌዳው ጠፋ፣ ግማሽ ሽሮ የሚባል ነገርም ተጀመረ።

ይህን ሁሉ ይዤ «የማትበገረው ባለ ምግብ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ጽሑፉን ሲመልሱልኝ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ልዩነቱን ማን ከፈለ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ አንድ ቅዳሜ ሄጄ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ከእኔ ብዙም የማትበልጥ እንጀራ ጋጋሪ አለች። ዱሮ በወር ደመወዝ እዚያው ግቢ ነበር የምትጋግረው። ጤፍ ሲወደድ አሠራሩ ተቀየረ፦ አሁን ቤቷ ጋግራ በቁጥር ታስረክባለች። ለእትዬ ወጪ ቀነሰ፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ድሮ የሚበላሸው የምግብ ቤቱ ሊጥ ነበር፤ ዛሬ የሚኮመጥጠው የእሷ ሊጥ ነው። ስለዚህ መብራት በመጣ ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ተነሥታ ትጋግራለች። ስለ መላመድ የጻፍኩት ውስጥ ይህ አንድ መስመር እንኳን አልነበረውም።

አስተናጋጇም አለች። ሦስት የነበሩት አንድ ቀርታለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 እንዳይበልጥ ይላል፤ እሷ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆማ አየኋት። ደመወዟ ብዙ አይደለም፣ የምትተማመነው በጉርሻ ነው። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ጉርሻ አንሰጥም፤ ይህን እንኳን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ።

እትዬን ክፉ ሰው ናቸው ለማለት አይደለም። እንዲያውም በኮሮና ጊዜ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው ኪራይ እንደከፈሉ የሰማሁት ከአስተናጋጇ ነው፤ እሳቸው አልነገሩኝም። ዋጋ እንጨምር ቢሉ ደንበኛው ይሄዳል፣ ደንበኛው ከሄደ ሦስቱም ይበተናሉ። የዱቤ ደብተሩን ሲያሳዩኝ ደግሞ የራሴን ስም አየሁ፤ የሁለት ሳምንት ምሳ። ስለ አንድ ቤት ለመዘገብ ሄጄ ለካ ለዚያ ቤት ባለዕዳ ነኝ! መጀመሪያ በጻፍኩት ውስጥ እትዬን ያን ያህል ያሞገስኳቸው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ስለ ጥቅም ግጭት ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ፣ ደብተሩ ላይ ስሜን እስካይ ድረስ ግን የሚኒስትሮች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ብር ተበድሬ ዕዳዬን ዘጋሁ፣ ከዚያ እንደገና ጠየቅኋቸው።

ስሟን ያልጻፍኩት ጋጋሪዋ ስለለመነችኝ ነው። «አንቺ ትመረቂያለሽ፣ እኔ ግን ነገም እዚህ ነኝ» አለችኝ። የቤቱ ስም ከተጻፈ እሷ ማን እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መምህሬ ስም የሌለው ዘገባ ደካማ ነው ይላሉ፣ ትክክል ናቸው። እኔም ደካማውን መረጥኩ።

ሁለተኛውን ጽሑፍ ለሦስቱም ወጥ ቤት ውስጥ አነበብኩላቸው። አስተናጋጇ ቆማ ነበር የሰማችው። ጋጋሪዋ የመብራቱ ጋ ስደርስ አንገቷን ደፋች። እትዬ ዝም ብለው ቆዩና፣ «የሾርባውን ነገር ለምን አሳጠርሽው?» አሉኝ።