«ኮምፕሬሰሩ ሲግል እኔንም ራሴን ያመኛል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ38 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሥራዬ የቤት ዕቃ ቫርኒሽና ቀለም መርጨት ሲሆን፣ የምሠራውም ከመኝታ ቤታችን ጋር በተያያዘ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ኮምፕሬሰሬን ጥግ ላይ ግድግዳ አስጠግቼ አስቀምጬዋለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሠራ በጣም ይግልና ራሱን ያጠፋል። ቁልፉን ተጭኜ ባስነሳውም ብዙ አይቆይም። መብራት ሲጠፋ በቤንዚን ጄኔሬተር እሠራለሁ፤ ዝናብና ሌባ ፈርቼ ከበሩ ወደ ውስጥ ነው የማስነሳው። በእነዚሁ ወራት ራሴን ይወጋኛል፣ ያዞረኛል፤ ማታ ማታ ጆሮዬ ይጮኻል። ባለቤቴም ሕፃን ልጃችንን ይዛ ጎን ካለው ክፍል ስትውል አንዳንድ ቀን ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የኮምፕሬሰሩን የመዳብ ቱቦ ነክቼ መዳፌ ተቃጠለ፤ የጥርስ ሳሙና ቀባሁበት። አንድ ወዳጄ የሚያጠፋውን ቁልፍ ዘሎ ቀጥታ ሊያገናኝልኝ ይችላል። የሚያመኝ የማሽኑ ሙቀት ነው? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ ባለቤትዎም ራሳቸውን እንደሚያማቸው የጻፉት መስመር ነው። በአንድ ቤት የሚውሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰሞን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው፣ ሐኪም ቀድሞ የሚጠረጥረው የሚተነፍሱትን አየር ነው። ስለዚህ ወደ ኮምፕሬሰሩ ከመግባታችን በፊት ጄኔሬተሩን ዛሬውኑ ከቤት ያውጡልኝ።

የቤንዚን ሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በክረምት ከሰል አያይዘው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሳይሰሙ አይቀሩም፤ የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ አካሉ ኦክስጅን ያጣል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ቶሎ ይጎዳሉ። ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ወደ ቤት ሳይዞር፣ ጎኑ ክፍት በሆነ መጠለያ ሥር ይቀመጥ። ለሌባው ሰንሰለት ይሠሩለት።

ሕመሙ ከተነሳባችሁ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። ራሱን የሳተ ወይም የተምታታበት ሰው ካለ ለአምቡላንስ 907 ይደውሉ። ሁለታችሁም ሕፃኑን ይዛችሁ ነገ ሳትሉ ጤና ተቋም ሂዱ፤ «ጄኔሬተር ቤት ውስጥ እናስነሳ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው ደህና የሚመስል ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ምርመራ የሚመራው የእናንተ ቃል ነው።

ጄኔሬተሩ ባልተነሳበት ቀንም የሚያምዎት ከሆነ ሁለተኛው ተጠርጣሪ የቫርኒሹና የቲነሩ ትነት ነው። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ የኮምፕሬሰሩን ፊልትሮ ፈትተው ይመልከቱ። በእርስዎ ዓይነት ክፍል የቆየ ፊልትሮ ስፖንጁ በቫርኒሽ ደርቆ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ ሲጫኑትም አይመለስም። ኮምፕሬሰሩ የሳበው ያንኑ እርስዎ የሚስቡትን አየር ነው። እሱ ፊልትሮ አለው፤ እርስዎ የተነፈሱት በባዶ አፍንጫ ነው። ሐኪም ቤት የምናደርገው ማስክ ትነትን አያግድም፤ ለቀለም ረጪ የሚሆነው የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው። እሱንም አድርገው ክፍሉ በሁለት ወገን የአየር መግቢያና መውጫ ይኑረው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። አየር ሲታመቅ መሞቁ ተፈጥሮው ነው፤ ቴስታታውና የመዳቡ ቱቦ ጤነኛ ማሽን ላይም ከ100 ዲግሪ ሊያልፉ ይችላሉ። ራሱን ማጥፋቱ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ የአየር ጋኑ ለመሙላት ከቀድሞው እጥፍ ጊዜ መውሰዱ ግን የበሽታ ምልክት ነው። መጀመሪያ ኮምፕሬሰሩን ከመርጫው ክፍል አውጥተው፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ያኑሩት። በዚህ አንድ ሥራ ፊልትሮው ከቫርኒሽ ይድናል፤ ማሽኑም የሚያቀዘቅዘው አየር ያገኛል። የቁልፉ ብልጭታ የቲነር ትነት አቀጣጥሎ ቤቱን የማንደድ አደጋም ይርቃል።

ቀጥሎ ከሶኬት ነቅለው፣ ጋኑን አስተንፍሰው፣ እስኪበርድ ጠብቀው ይፈትሹት። ፊልትሮውን ይቀይሩ። ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ይዩ። ዘይት የሚጠጣ ዓይነት ከሆነ መጠኑን ይመልከቱ፤ የመኪና ሞተር ዘይት ሲግል ቫልቭ ላይ ጥቀርሻ ይጋግራልና ለኮምፕሬሰር የተሠራውን ይጠቀሙ። ቀጭንና ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ኃይሉን ስለሚያሳንሰው ሞተሩ ከረንት አብዝቶ ይስባል፣ ይግላል፤ ከገመዱ ይልቅ የአየር ቱቦውን ያስረዝሙ። ከዚያ ጋኑን ሞልተው ያጥፉትና መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ አየር ያፈስሳል። ማሽኑ ሲሠራ መዳፍዎን ወደ ፊልትሮው ያስጠጉ። አየር መሳብ ሲገባው ወደ እጅዎ እፍ እፍ ካለ ቫልቩ ተሰብሯል፤ የጋለው አየር እየተመለሰ ዳግም ይታመቃል ማለት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ለቤት የተሠሩ ትንንሽ ኮምፕሬሰሮች ብዙዎቹ ያለ ዕረፍት ለመሥራት አልተሠሩም፤ ከ10 ደቂቃ 5ቱን ቢያርፉ ይወዳሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያንሳል። ያንኑ 8 ባር ለመሙላት እዚህ ብዙ ደቂቃ ይደክማል፤ የሚያቀዘቅዘውም አየር ስስ ነው። ዕረፍቱን ያብዙለት። ሥራ ሲጨርሱ የጋኑን ውኃ ከሥር ያፍስሱ፤ ውኃው ከውስጥ እያዛገ ብረቱን ካሳሳው ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል።

የተቃጠለውን መዳፍዎን በተመለከተ፣ ሌላ ጊዜ ወዲያውኑ በሚፈስ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ ቀለበት ካለ ሳያብጥ ያውልቁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤም ሆነ በረዶ አይንካው። የእጅ መዳፍ ጠባሳ ጣት ሊያኮማትር ስለሚችል ውኃ የቋጠረ ወይም የነጣ ቁስል ካለ ይታይ፤ የቴታነስ ክትባትዎንም ያስታውሱ።

የጆሮዎ ጩኸት የመስማት ነርቭ መጎዳት መጀመሩን ሊነግርዎ ይችላል። ጎንዎ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካለብዎት ድምፁ ከ85 ዴሲቤል ሳያልፍ አይቀርም። በቀን በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት፣ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት ከሠሩ በቃ ነው። የጆሮ መከላከያ ያድርጉ፤ ጆሮዎን ያስመርምሩ። የሞተ ነርቭ አይመለስም፤ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል።

ቁልፉን ዘሎ ማገናኘትን ለወዳጅዎ እምቢ ይበሉት። ያ ቁልፍ ማሽኑ «አመመኝ» የሚልበት አፉ ነው፤ ከዘጉት ቀጥሎ የሚናገረው እሳት ነው። የራስ ምታቱን በማስታገሻ ብቻ ማለፍም ያው ነው። ይልቅስ የሕፃኑ አልጋ አጠገብ አንድ ወረቀት ይለጥፉ። ማን ራሱን እንዳመመው፣ ጄኔሬተር ተነስቶ እንደሆነ፣ ቫርኒሽ ተረጭቶ እንደሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ ስንት ጊዜ እንደጠፋ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ይጻፉበት። ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ ያንን ወረቀት ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።