እንደ አንጀት እየጨመቀ የሚገፋው ፓምፕ

ላም ያለበ ሰው የዚህን ፓምፕ አሠራር ግማሹን ያውቀዋል። ስታልቡ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መጀመሪያ የጡቱን ሥር ይይዛሉ። ወተቱ ወደ ግቱ እንዳይመለስ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ የቀሩት ጣቶች ከላይ ወደ ታች በየተራ ይጨምቃሉ። ወተቱም ሌላ መሄጃ ስለሌለው ወደ ማለቢያው ይወርዳል።

ጉሮሮና አንጀትም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። የዋጣችሁት እንጀራ በክብደቱ ብቻ አይወርድም፤ ከኋላው ያለው ጡንቻ እየጠበበ ይገፋዋል። ትጠራጠራላችሁ? ላም አጎንብሳ ስትግጥ ተመልከቱ። አፏ ከሆዷ ዝቅ ብሎ ሳለ ሣሩ ሽቅብ ይሄዳል። ይህ እየጠበቡ የመግፋት ሥራ በሳይንስ ፔሪስታልሲስ ይባላል። ፓምፑም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፦ ፔሪስታልቲክ ፓምፕ።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። ማሽኑ ክብ ቤት አለው። በቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ለስላሳ የጎማ ቱቦ እንደ ማጭድ ተቀልብሶ ተቀምጧል። መካከል ላይ ሞተር የሚያዞረው ክፍል አለ፤ በዚህ ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መዳመጫዎች ተገጥመዋል። እናቶች ጥጥ ሲዳምጡ ብረቱ ፍሬውን እየገፋ እንደሚያወጣው፣ ይህም መዳመጫ ቱቦውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ እየተንከባለለ ፈሳሹን ወደ ፊት ይገፋል። መዳመጫው ሲያልፍ ጎማው ተመልሶ ክብ ይሆናል፤ ሲከፈትም ከኋላ ሌላ ፈሳሽ ይስባል። የፊተኛው መዳመጫ ቱቦውን ሳይለቅ ሁለተኛው ስለሚይዝ ፈሳሹ ወደ ኋላ አያመልጥም። ሞተሩ በተቃራኒው ቢዞር ግን ፈሳሹም ይመለሳል። ላም ስታመሰኳ ሣሩን ከሆዷ ወደ አፏ እንደምትመልሰው መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ፈሳሹ የሚነካው ቱቦውን ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ አሲድ የማሽኑን ብረት አይበላውም፣ ደምም አይቆሽሽም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማይክል ደበኪ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ፓምፕ አሻሽሎ ለሕመምተኛ ደም ለመስጠት ተጠቀመበት። በኋላም በቀዶ ሕክምና ጊዜ ልብን ተክቶ ደም በሚያዞረው ማሽን ውስጥ ገባ። ዛሬ የኩላሊት እጥበት ማሽን ደሙን ከሰውነት አውጥቶ የሚመልሰው በዚሁ ፓምፕ ነው። በማዕድን ማውጫ ጭቃና አሸዋ የበዛበትን ውኃ ይገፋል፤ በምግብ ፋብሪካም ያገለግላል።

ለሐዋሳ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀርበው የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ ነው። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን በምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። እንግዲህ መርዝ ከገባ ጠርጎ የሚወስደው የለም፤ ዓሣውም ከብቱም ከዚያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሠራ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል ማጣሪያ የተተከለለት በዚህ ምክንያት ነው። የጨርቅ ቀለም ያለበት ፍሳሽ ሲጣራ ቆሻሻው እንዲዘቅጥ ኬሚካል ይጨመርበታል። ኬሚካሉ ቢያንስ ውኃው አይጠራም፤ ቢበዛ ደግሞ ራሱ ኬሚካሉ ብክለት ይሆናል። በጣሳ እየገመቱ የሚጨምሩት ነገር አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ልክ የተመረጠ ሥራ ፔሪስታልቲክ ፓምፕ በብዙ አገር ተለምዷል፤ በአንድ ዙር የሚገፋው መጠን ስለሚታወቅ ዙሩን መቁጠር ይበቃል።

ጉድለትም አለው። ሁለት መዳመጫ ያለው ፓምፕ በደቂቃ 30 ጊዜ ቢዞር ቱቦው በደቂቃ 60 ጊዜ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 86,400 ጊዜ ይጨመቃል። የትኛው ጎማ ይችለዋል? ስለዚህ ቱቦው ሳይቀደድ በጊዜው መለወጥ አለበት። አንዳንድ ገበሬዎች «ለመስኖስ ይሆነናል ወይ?» ትሉ ይሆናል። እንደኔ እንደኔ አይሆንም። ለማሳ ብዙ ውኃ በርካሽ የሚያወጣው በውስጡ ክንፍ የሚሽከረከርበት የተለመደው ፓምፕ ነው። እሱ ግን ከመነሣቱ በፊት ውኃ ካልተሞላ አይስብም፤ አሸዋም ክንፉን ይበላዋል። የመሳቢያውን ጫፍ ከሐይቁ ደለል ከፍ አድርጋችሁ ወንፊት አስሩበት።

የሒሳብ ጥያቄ፦ አንድ ፓምፕ በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሊትር ይገፋል። 1 ሊትር ለመሙላት ስንት ዙር ይዞራል? በደቂቃ 30 ዙር የሚዞር ከሆነስ በ1 ሰዓት ስንት ሊትር ይገፋል? በደብተራችሁ ሠርታችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።