የወተት ጥርስ የቋሚው ጥርስ ዘበኛ ነው

በዚህ ወር ለአሰላ ከተማና ለአርሲ ደጋ መምህራንና ወላጆች የምናቀርበው ትምህርት ስለ ልጆች የወተት ጥርስ ነው። ብዙ ሰዎች «መውደቁ ላይቀር» እያሉ ይንቁታል። ነገር ግን የወተት ጥርስ ቋሚው እስኪመጣ ድረስ ስፍራውን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዘበኛው ያለጊዜው ከተነሣ ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ባለቤቱም በመጣ ጊዜ ስፍራ አጥቶ ተጣሞ ወይም ተደርቦ ይበቅላል።

የሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ በ6 ወር ገደማ ይወጣል፤ 20ዎቹ የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ይሟላሉ። በ6 ዓመት ገደማ ከእነርሱ በስተኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ግን ቋሚ ነው፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም። የላይኛው ክራንቻ የሚለወጠው በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ ስለ ሆነ ዘበኛው ብዙ ዘመን መቆየት አለበት።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት በአገራችን በብዙ ስፍራ የተለመደው ግግ ማስወጣት ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው በድዱ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ይታያል፤ «ትል ነው» ተብሎም ባልጸዳ ስለት ተፈንቅሎ ይወጣል። የሚወጣው ግን ትል ሳይሆን ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ነው። በአጠገቡ በመበጀት ላይ ያለው የቋሚው ክራንቻ እንቡጥም አብሮ ሊቆስል ይችላል፤ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ሳይበቅል ይቀራል፣ አለዚያም ተበላሽቶ ይበቅላል። ከዚህም በላይ ሕፃኑ ብዙ ደም ሊፈሰው፣ መንጋጋ ቆልፍ ወይም በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊይዘው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ተቅማጡን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ንጽሕና የጐደለው ውሃ፣ ምግብ ወይም እጅ ነው እንጂ ድዱ አይደለም። ስለዚህ እናቲቱ ጡት ማጥባቷን ሳታቋርጥ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጣ እየሰጠች፣ ሕፃኑን ሳትዘገይ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አሰላ ሆስፒታል ትውሰደው።

ጥርስ የሚለወጥበት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ዘመን ልጁ በመምህር እጅ የሚገኝበት ነው። ስለዚህ መምህራንና ወላጆች በአንድነት የሚከተለውን ይፈጽሙ ዘንድ እናሳስባለን።

1ኛ/ ልጆች ጧትና ማታ ጥርሳቸውን በብሩሽና በጥርስ ሳሙና፣ ይህ ባይገኝ በንጹሕ መፋቂያ ያጽዱ።

2ኛ/ የተቦረቦረ የወተት ጥርስ ለነቀላ ከመቸኮል ይልቅ በሐኪም ይታይ።

3ኛ/ ከ4 ዓመት በኋላ ጣቱን የሚጠባ ልጅ በቁጣ ሳይሆን በምክር ይተው፤ ጣቱ የላይኛውን የፊት ጥርስ ወደ ውጭ ይገፋልና።

4ኛ/ የወተቱ ጥርስ ሳይወድቅ ቋሚው ከኋላው ብቅ ያለ እንደ ሆነ ለሐኪም ይታይ።

የተጣመመ ጥርስ በሽቦ ቀስ በቀስ እየተሳበ ሊቃና ይችላል፤ ጥርሱ በሚሄድበት ወገን አጥንቱ እየሟሟ፣ በተወው ወገን እንደገና ይገነባልና። ይሁን እንጂ ሥራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈጅ፣ ልዩ ሐኪም የሚያሻው፣ ወጪውም የከበደ ነው። ዘበኛውን በስፍራው ማቆየት ግን ለብዙ ወላጆች የሚቻል ነው።