ከከፍታ መውደቅ፦ የግንባታ ሥራ አደጋዎች መንስኤ፣ ዋጋና መከላከያ

አሕጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በግንባታ ሥራ ላይ የሚደርሱ አደጋዎችን፣ በተለይም ከከፍታ መውደቅን፣ ከመንስኤ፣ ከዋጋና ከመከላከል አንጻር ይመረምራል። አደጋን «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ መመዝገብ ሦስት ውጤቶች እንዳሉት ይሞግታል፦ የመንስኤ ምርመራውን በአጭሩ ይቀጨዋል፣ ወጪውን ከድርጅቱ ወደ ተጎጂው ቤተሰብ ያሸጋግራል፣ መከላከሉንም ወደ ደካማው እርከን ያወርደዋል። ትንተናው በሕግ ድንጋጌዎችና በመስኩ ጽንሰ ሐሳቦች ላይ የተመሠረተ ነው።

መግቢያ

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት መሠረት በየዓመቱ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ከሥራ ጋር በተያያዙ በሽታዎችና አደጋዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ለሞት ሳይዳረጉ የሚጎዱት ደግሞ 395 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ድርጅቱ ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን እ.ኤ.አ. በ2022 ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል።

በኢትዮጵያም የሕግ መሠረቱ ተጥሏል። የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተው ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ጸድቋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና በአደጋ የማያስፈራራ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የአሠሪውን ዝርዝር ግዴታዎች ያስቀምጣል። እንዲህም ሆኖ በከተሞቻችን በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ መታጠቂያ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው «ሕግ አለ ወይ?» የሚል ሳይሆን «ሕጉ ከመወጣጫው ላይ ለምን አልደረሰም?» የሚል ይሆናል።

1. መንስኤ፦ የመጨረሻው ስሕተትና ከኋላው ያለው ሰንሰለት

ኸርበርት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ሥራው 88 በመቶ የሚሆኑትን አደጋዎች በሠራተኞች ጥንቃቄ የጎደለው ድርጊት፣ 10 በመቶውን በአደገኛ የሥራ ሁኔታ የተከሰቱ አድርጎ መድቧል። ይህ ስሌት ለብዙ ዘመን በደኅንነት ሥልጠናዎች ሲጠቀስ ኖሯል። ሆኖም መነሻዎቹ የመድን ሰነዶችና የፋብሪካ ባለቤቶች መዝገቦች ነበሩ። የአደጋውን መንስኤ የሚጽፈው ሰው በውጤቱ ተጠያቂ ሊሆን የሚችለው ወገን ወይም የእርሱ ተቆጣጣሪ ከሆነ፣ መዝገቡ ወደ ተጎጂው ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው።

ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ማብራሪያ ከዚህ ይለያል። በእርሱ እይታ የግለሰቡ ስሕተት የሰንሰለቱ መጨረሻ ነው፤ ከኋላው በአመራር፣ በንድፍና በግዢ ውሳኔዎች ውስጥ ተደብቀው የቆዩ ጉድለቶች አሉ። አደጋ የሚደርሰውም በየመከላከያው ንብርብር ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ሲገጥሙ ነው።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንድ የቀን ሠራተኛ አርማታ ተሸክሞ ሲወጣ የረገጠው ጣውላ ተንሸራትቶ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ እንበል። «እግሩን አስተካክሎ አልረገጠም» የሚለው መልስ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ጣውላው ለምን በሚገባ አልታሰረም? መወጣጫው ከመጀመሪያው የሥራ ሰዓት በፊት ለምን አልተፈተሸም? የመፈተሽ ኃላፊነት የማን ነበር? ሥራው ከዋናው ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከዚያም ወደ ፎርማኑ ሲተላለፍ የደኅንነት ኃላፊነቱ አብሮ ተላልፏል ወይስ መንገድ ላይ ጠፍቷል? የጨረታው ዋጋ ለብረት መወጣጫ የሚበቃ ነበር? እያንዳንዱ ጥያቄ ከተጎጂው እግር ወደ ውሳኔ ሰጪው ጠረጴዛ አንድ እርምጃ ያቀርበናል። ምርመራው በመጀመሪያው መልስ ላይ ከቆመ ጣውላው ነገም ሌላውን ሠራተኛ ይጠብቀዋል።

2. ዋጋ፦ ማን ይከፍላል?

የአደጋ ወጪ ሁለት ዓይነት ነው። ቀጥተኛው ሕክምና፣ ካሣና የመድን ክፍያ ነው። ቀጥተኛ ያልሆነው ደግሞ የሥራ መቋረጥን፣ የንብረት ጉዳትን፣ የአዲስ ሠራተኛ ሥልጠናን፣ የክርክር ጊዜንና የባልደረቦችን መደናገጥ ያካትታል። በድርጅት መዝገብ ላይ በግልጽ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ አመራሩ የአደጋን ዋጋ አሳንሶ ይገምታል።

ከሁለቱም ውጭ የሚቀር ሦስተኛ ወጪ አለ፤ እርሱም የቤተሰቡ ነው። አዋጁ ለጊዜያዊ የአካል ጉዳት እስከ አንድ ዓመት የሚከፈል ክፍያ ደንግጓል፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ለማስላት ያህል በወር 13,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። ጤነኛ ሆኖ ቢሠራ በዓመት 156,000 ብር ያገኝ ነበር። በሕጉ ዝቅተኛ መጠን የሚደርሰው 39,000፣ 29,250 እና 39,000፣ በድምሩ 107,250 ብር ነው። ሕጉ አንድም ሳይጓደል ቢፈጸም እንኳ ቤተሰቡ 48,750 ብር፣ ማለትም የዓመቱን ገቢ 31 በመቶ ያህል ያጣል።

በዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ልዩነቱ ይሰፋል። በመድን ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር አሠሪው የሚከፍለው የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ነው። ተጎጂው የ25 ዓመት ወጣት ቢሆንና እስከ 60 ዓመቱ መሥራት ይችል ነበር ብንል፣ የ35 ዓመታት ጉልበቱ በአምስት ዓመት ደመወዝ ተተካ ማለት ነው። የአስታማሚዋ እናት ወይም ሚስት ያጣችው ገቢና ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም። የጽሑፍ ውል የሌለው ሠራተኛ ደግሞ ካሣውን ከመጠየቁ በፊት የሥራ ግንኙነቱንና የደመወዙን መጠን የማስረዳት ሸክም ይገጥመዋል።

የመንስኤው ምዝገባ ከዋጋው ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ከዚህ ውጭ ሲሆን፣ በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን አለማክበርና ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘት በዚህ ሥር ተጠቅሰዋል። ስለሆነም «መመሪያ ተሰጥቶት ነበር፤ አላከበረም» የሚል አንድ መስመር የካሣውን ዕጣ ሊወስን ይችላል። ሳይነበብለት የተፈረመበት የመመሪያ ወረቀት፣ ወይም ማሰሪያ ቦታ በሌለበት የታደለ መታጠቂያ፣ ሠራተኛውን ሳይሆን ድርጅቱን የሚጠብቅ ሰነድ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

3. መከላከል፦ ከላይኛው እርከን መጀመር

በመስኩ ተቀባይነት ያለው የቁጥጥር እርከን አምስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም አደጋውን ማስወገድ፣ በሌላ መተካት፣ በምሕንድስና መቆጣጠር፣ በአሠራር መቆጣጠርና የግል መከላከያ ማልበስ ናቸው። ከከፍታ ሥራ ጋር ስናዛምዳቸው፣ ማስወገድ ማለት በመሬት ላይ ሊገጣጠም የሚችለውን ፌሮ መሬት ላይ አዘጋጅቶ ማንሳት ነው። መተካት በባሕር ዛፍ ምትክ ደረጃውን የጠበቀ የብረት መወጣጫ መጠቀም ነው። የምሕንድስና ቁጥጥር የሶሌታውን ጠርዝ በመከለያ ማጠርንና ክፍት ጉድጓዶችን መሸፈንን ይመለከታል። የአሠራር ቁጥጥር ዕለታዊ ፍተሻንና ሥልጠናን ያጠቃልላል። ሄልሜትና መታጠቂያ የሚመጡት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አደጋው የሠራተኛው ስሕተት ነው ብሎ የጀመረ ድርጅት ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያበቃል።

ከዚህ በመነሳት አራት የአሠራር ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የደኅንነት ወጪ በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው። በጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሲቀር ዝቅተኛ ዋጋ ለማቅረብ በሚደረገው ፉክክር መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋናው ተቋራጭ በንዑስ ተቋራጩ ሠራተኞች ደኅንነት ላይ ያለው ኃላፊነት በውሉ በግልጽ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ጉዳት ሳያደርሱ ያለፉ ክስተቶችም ይመዝገቡ። የተንሸራተተና ማንንም ያልጣለ ጣውላ ከሁሉ ርካሹ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን የሚናገር ሠራተኛ ግን እንደማይቀጣ እርግጠኛ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ አሠሪው አደጋን ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ አንቀጽ 92 የጣለው ግዴታ ከመንስኤ ትንተና ጋር ይያያዝ። «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ምላሽ ብቻውን በቂ ሆኖ አይቆጠር፤ በሠራተኞች የተወከሉ የደኅንነት ኮሚቴ አባላትም በምርመራው ይሳተፉ።

ማጠቃለያ

መንስኤ፣ ዋጋና መከላከል በአንድ መዝገብ ላይ ይገናኛሉ። አደጋው እንዴት እንደተጻፈ ማን እንደሚከፍል፣ ነገ ምን እንደሚስተካከልም ይወስናል። ከአደጋ በኋላ ሄልሜት ማደል «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመሆን አያልፍም። ለቀጣይ ተመራማሪዎች ሁለት የመስክ ጥያቄዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው የአደጋ መዝገቦች የሚገልጹት መንስኤ ተጎጂዎችና ባልደረቦቻቸው ከሚሰጡት ቃል ጋር ምን ያህል ይጣጣማል የሚል ነው። ሁለተኛው በንዑስ ተቋራጭ ሥር የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች በሕግ የተወሰነላቸውን ካሣ በተግባር ያገኛሉን የሚል ነው። ሁለቱንም ለመመለስ አጥኚው ከቢሮ መዛግብት ባሻገር ወደ መወጣጫው ሥርና ወደ ተጎጂው ቤት መሄድ ይኖርበታል።